ቀርጤስ ላይ የት እንረፍ? እማዬንና ልጆቹን ይዘን ነው የምንሄደው

ሰላም ለሁላችሁም። የምንኖረው ሙኒክ ነው። ዘንድሮ ፍልሰታ ሲፈታ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይከፈት፣ ግሪክ ቀርጤስ ሄደን ልናርፍ አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና እናቴ ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ደረጃ ስታይ ገና ፊቷ ይለዋወጣል። ባህር ዳር ቁጭ ብላ እግሯን ውሃ መንከር ግን ነፍሷ ነው። ትንሹ ልጄ ደግሞ ዋና ገና አልለመደም።

በረራው አላስቸገረንም፤ በደሴቱ ምዕራብ ወዳለችው ሃንያም መሃል አካባቢ ወዳለችው ሄራክሊዮንም ቀጥታ አለ። ያስቸገረን ማረፊያው ነው። ደሴቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ እንደ መንዳት ማለት ነው። ስለዚህ ቀርጤስ እንሂድ ማለት ብቻውን ምንም አይወስንም። የኔ አቋም እንዲህ ነው፦ ማረፊያ የሚመረጠው ከቤተሰቡ መራመድ ለሚከብደው ሰው ተብሎ ነው። እይታው፣ መዋኛው፣ አሮጌው ከተማ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የሄዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ የማትስማሙም ጻፉ።

ከዚህ ጥያቄ ሥር የመጣው ውይይት ስለረዘመና አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚያቅተው፣ የመጣውን መልስ በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።

መልስ 1 የመጣው ከስቶክሆልም ነው። እህታችን ምንም ሳታመነታ የሃንያ አሮጌው ከተማ አለች። ቬኒሶች የሠሩት ወደብ፣ ጫፉ ላይ የቆመው የመብራት ማማ፣ ጠባብ ጠባቡ የድንጋይ መንገድ፣ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ወደቡ ዳር የሚጠጣ ቡና። ከባሏ ጋር አንድ የጥንት ቤት ውስጥ ተከራይተው እንደነበርና እስካሁን አውርታ እንደማትጠግበው ጻፈች። ሲያነቡት መሄድ ያምራል።

መልስ 2 ወዲያው አረማት፣ በጨዋነት። አሮጌው ከተማ ውስጥ መኪና አይገባም። ሻንጣ በድንጋዩ ላይ እየጎተቱ ነው የሚደርሱት። እነዚያ የጥንት ቤቶች ሲያዩዋቸው ያምራሉ፤ ውስጣቸው ግን ጠባብና ቀጥ ያለ የእንጨት ደረጃ ነው፣ ሊፍት የሚባል የለም። ወደቡ ዳር ያሉት ቡና ቤቶችም እስከ ሌሊት ድረስ ሙዚቃ አያቆሙም። ለመዋኘት ደግሞ ወደቡ አይሆንም፤ ወደ ምዕራብ በእግር ኔያ ሆራ መሄድ ያስፈልጋል። ለባልና ሚስት ግሩም ቦታ ነው፣ ጉልበት ለሚያማት እናት ግን አይሆንም ብሎ ደመደመ።

በመልስ 3 የስቶክሆልሟ እህት ተመልሳ መጣች። እውነት ነው አለች። አልጋው ፎቅ ላይ፣ መታጠቢያው ምድር ቤት እንደነበርና ሌሊት በስልክ መብራት ይወርዱ እንደነበር ጨመረች። እኔ ከዚህ በኋላ ሃንያን ለማደሪያ ሳይሆን ለማታ ሽርሽር አስቀመጥኳት።

መልስ 4 ላይ ነገሩ ሞቅ አለ። ፍራንክፈርት የሚኖር ወንድማችን ከሄራክሊዮን በስተምሥራቅ ያለችውን ሄርሶኒሶስን መረጠ። ሁሉን ያካተተ ሆቴል፣ እጅ ላይ የሚታሰር አምባር፣ ለልጆች የሚሆን ጥልቀት የሌለው መዋኛ፣ ምግብ በቀን ሦስት ጊዜ። ባለቤቱ በዓመት ውስጥ ማጀት ያልገባችበት ብቸኛው ሳምንት እሱ እንደሆነ ጻፈ። ወጪው አስቀድሞ ስለሚታወቅም ሰላም ይሰጣል አለ።

መልስ 5 ይህን ሰው ገረፈው። እዚያ የሚያድር ሰው ግሪክ ሄጃለሁ አይበል፣ ቱርክም ስፔንም ያው ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ የእንግሊዝ ወጣቶች ሰክረው ይጮኻሉ የሚል ነበር። መልስ 6 ደግሞ የፍራንክፈርቱ ሰው ራሱ ነው፤ ተቆጥቷል። ወጣቶቹ የሚጨፍሩት ማልያ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ነው፣ ሄርሶኒሶስ ውስጥም ከዋናው መንገድ ራቅ ብሎ ጸጥ ያለ ሆቴል ሞልቷል፣ ሌላውን ከመስደብህ በፊት ካርታ እይ አለው። በዚህ ላይ ከፍራንክፈርቱ ጋር ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ፈረቃ የሚሠራ ሰው አንድ ሳምንት ተቀምጦ መብላት ቢፈልግ ማንም ሊያሳፍረው አይገባም። እማዬ ግን ቡፌ አይመቻትም። የፈለገችውን ሽሮ በፈለገችው ሰዓት መሥራት ትወዳለች። ስለዚህ ማጀት ያለው አፓርትመንት ነው የምንፈልገው፤ ይህን መጀመሪያ ላይ አልጻፍኩትም ነበርና እዚህ ላይ ጨመርኩት።

መልስ 7 ከእስራኤል ነው፣ ከነታንያ። ከቴል አቪቭ ቀርጤስ ቅርብ ስለሆነ ቤተሰቡ ደጋግሞ ይሄዳል። የሱ ምክር ሬቲምኖ ነው። ከሃንያ 60፣ ከሄራክሊዮን 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትርቃለች። አሸዋማው የባህር ዳርቻ ከከተማው ይጀምርና ብዙ ኪሎ ሜትር ይነጉዳል። ምሽጉ ያለበትን ኮረብታ ካልወጡ በቀር አሮጌው ከተማም ለእግር አይከብድም። መኪና ለማይነዳ ሰው ደግሞ ኬቴል የሚባሉት አውቶቡሶች ሃንያን፣ ሬቲምኖንና ሄራክሊዮንን ቀኑን ሙሉ ያገናኛሉ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔም ልቤ ወደዚያው ሊያዘነብል ጀምሮ ነበር።

መልስ 8 ግን ያልታሰበ ነገር አነሳች። መሃል ላይ ማደር ሁሉንም ቅርብ አያደርግም፣ ሁሉንም እኩል ሩቅ ያደርጋል አለች። ከሬቲምኖ በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ወዳለው የኤላፎኒሲ ባህር ዳርቻ መሄጃው ብቻ ከ2 ሰዓት በላይ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ተራራ ለተራራ የሚጠማዘዝ መንገድ ነው። በምሥራቅ በኩል ወደ ስፒናሎንጋ ብትሄዱም ያው ነው። ስፒናሎንጋ እስከ 1957 የሥጋ ደዌ ሕሙማን የኖሩባት ትንሽ ደሴት ናት፤ ከፕላካና ከኤሉንዳ በጀልባ ይሻገራሉ። ልጆችና አዛውንት ይዞ በቀን 5 ሰዓት መኪና ውስጥ ማሳለፍ ዕረፍት አይባልም። ምዕራቡን ወይ ምሥራቁን ምረጡ፣ ሌላውን ለሌላ ዓመት ተዉት። ከሁሉም መልስ የኔን ሐሳብ ያስተካከለልኝ ይሄ ነው። አንድ ቤት ይዤ ቀርጤስን በሙሉ አያለሁ የሚል ካለ ይህን መልስ ደግሞ ያንብበው።

መልስ 9 ለንደን ውስጥ ሹፌር የሆነ ሰው ነው። ስለ ሰሜኑ ዋና መንገድ ጻፈ። ብዙው ቦታ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚነዳው ወደ ዳር፣ ወደ መንገዱ ትከሻ ወጣ ብሎ ኋላው ያለውን ያሳልፋል። ይህን የማያውቅ እንግዳ መሃሉን ይዞ ሲሄድ ኋላው ያለው መብራት ያበራበታል፣ ይደነግጣል። በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ወዳለው የባሎስ ባህር ዳርቻ የሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ የኪራይ መኪና ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ከኪሳሞስ በጀልባ መሄድ ይሻላል። ጀልባውም ቢሆን ከባህር ዳሩ ትንሽ ያስኬዳል፣ ፀሐዩም ይጠብሳል፣ ለእናትሽ ኤላፎኒሲ ይበልጣል አለኝ። እዚያ ውሃው ልጅ ቆሞ የሚጫወትበት ነው። አሸዋው ቦታ ቦታ ላይ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም አለው፣ ይዞ መውጣት ግን ክልክል ነው።

መልስ 10 አጭር ነው፤ ሁላችሁም ስለ ንፋሱ ዝም አላችሁ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ከሰሜን የሚነፍስ መልተሚ የሚባል ንፋስ አለ። ለቀናት ላይቆም ይችላል። ሰሜን ፊት ለፊት ያሉት ረጃጅም ዳርቻዎች፣ የሬቲምኖው ጭምር፣ በዚያን ጊዜ ማዕበል ይበዛባቸዋል። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ዋና ለማይችል ልጅ ያ ቀን አበቃ። መልስ 11 ታዲያ ደቡብ ይሂዱ፣ ፕላኪያስ ወይ ፓሌዎሆራ፣ በዚያ በኩል ያለው የሊቢያ ባህር ጸጥ ይላል አለች። መልስ 12 ፕላኪያስን በደንብ የሚያውቅ ይመስላል፤ ንፋሱ ተራራውን ዘሎ በገደሉ መሃል ሲወርድ ጃንጥላ ነቅሎ እንደሚወስድ ጻፈላት። ሉትሮን ላነሳ ሰውም እሱው ነው የመለሰው። ሉትሮ መኪና አይደርስባትም፤ በጀልባ ወይ በእግር ብቻ ነው። ሌሊት አንድ ሰው ቢታመም ምን ሊኮን ነው? ቃሉ ትንሽ ሻካራ ነበር፣ ነገሩ ግን ትክክል ነው። የሳማርያን ሸለቆ ውረዱ ያለውንም እዚያው መለሰው። 16 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት በድንጋይ ላይ ለጉልበት ሕመምተኛ አይመከርም።

መልስ 13 ለኔ ወርቅ ነው። ሃምቡርግ ያለች የሦስት ልጆች እናት ናት። ከሃንያ በስተምሥራቅ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ካሊቬስን፣ ትንሽ አለፍ ብላችሁ አልሚሪዳን እዩ አለች። የአልሚሪዳ ውሃ በትንሽ ወሽመጥ ውስጥ ስለሆነ ማዕበሉ ይቀንሳል፤ ጥልቀት የለውም፤ አሸዋው፣ መንገዱና ምግብ ቤቱ ጎን ለጎን ናቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ዓሣሽን እየበላሽ ልጅሽን ታይዋለሽ። መንደሩ መግቢያ ላይ ደግሞ የጥንት ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ፣ ወለሉ ላይ ሞዛይክ ያለበት። አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። አልሚሪዳ ተብለው ከሚለጠፉት ቤቶች ብዙዎቹ በላይ በኩል ተራራው ላይ ያለችው ፕላካ አካባቢ ናቸው። እይታቸው ልብ ይሰርቃል፣ ውሃው ዘንድ ለመውረድ ግን በየቀኑ መኪና ማስነሳት ነው። ይህች ፕላካ የስፒናሎንጋዋ ፕላካ አይደለችም፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ቦታ ስትይዙ ተጠንቀቁ።

እዚህ ላይ ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። መልስ 14ን የጻፉት አቴንስ ብዙ ዓመት የኖሩ አባት ናቸው። ልጆቼ፣ ስለ አሸዋ ብቻ ታወራላችሁ አሉን። ቅዱስ ጳውሎስ ቲቶን የተወው ቀርጤስ ነው። ሄራክሊዮን መሃል ከተማ በስሙ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የራስ ቅሉም በ1966 ከቬኒስ ተመልሶ እዚያው ተቀምጧል። በሐዋርያት ሥራ የምናነበው መልካም ወደብም በደቡብ በኩል እስከ ዛሬ አለ። እሳቸው ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ማታ በመርከብ ተነስተው ጠዋት ሄራክሊዮን ይገቡና ተሳልመው ይመለሳሉ። ይህን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መነጽሯን አውልቃ ሁለተኛ አንብቢው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀርጤስ ሲነሳ የምትጠይቀኝ ስለ ቲቶ ብቻ ነው።

መልስ 15 እና 16 በፍልሰታ ተከራከሩ። አንደኛው ግሪኮች ነሐሴ 15 በፈረንጅ አክብረው ሲፈስኩ እኛ እስከ 22 እንጾማለን፣ መሃል ላይ የሄደ ሰው ምን ይበላል አለ። ሌላዋ ጾም ለሚይዝ ሰው የግሪክ ማጀት አያሳፍርም ብላ ዘረዘረች፦ ትልልቁ ባቄላ በቲማቲም፣ ሩዝ የተሞላ ቃሪያና ቲማቲም፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ የተቀቀለ የዱር ጎመን በሎሚና በወይራ ዘይት። ኒስቲሲሞ ብለሽ ጠይቂ፣ የጾም ማለት እንደሆነ አስተናጋጁ ይገባዋል አለች። እነሱ በጾም ቀን ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ስለሚበሉ ግን ሳህኑን እያዩ ማዘዝ ነው።

መልስ 17 ላይ አንዱ ብድግ ብሎ፣ ይህን ሁሉ ዩሮ ለግሪክ ከምትሰጡ ላንጋኖ ወይ ባሕር ዳር ሄዳችሁ አገራችሁን አትጠቅሙም ወይ አለ። የመጡለት መልሶች ደግ አልነበሩም፤ እዚህ አልደግማቸውም። ሰውየው ክፉ ያሰበ አይመስለኝም። ግን ለአምስት ሰው ወደ አገር ቤት ትኬት ስንት እንደሆነ እሱም ያውቃል። አገር ቤት ስንሄድም ዕረፍት አይደለም የምንሄደው፣ ዘመድ ጥየቃ ነው፤ ደስ ይላል ግን ሌላ ነገር ነው።

መልስ 19 ከሁሉ ያልጠበቅኩት ነው። ኑረንበርግ የሚኖር ወጣት ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው የመኖሪያ ፈቃዱን ካርድ ከእጁ እንዳይለይ መከረ። ጉዞው ያለ ድንበር ፍተሻ በሚታለፍባቸው የሼንገን አገሮች ውስጥ ቢሆንም ከግሪክ ሲመለስ መሳፈሪያው በር ላይ እሱን ለይተው አስቁመው ወረቀት እንደጠየቁት፣ ጓደኞቹ ነጮች ዝም ብለው እንዳለፉ ጻፈ። ካርዱን ሻንጣ ውስጥ አድርጎት ስለነበር አውሮፕላኑ ሊያመልጠው ምንም አልቀረውም። መልስ 20 የጻፈችው እህት ደሴቱ ላይ ግን ሰው አክብሮ እንዳስተናገዳት፣ ምግብ ቤት ሒሳብ ስትጠይቅ ፍራፍሬና ራኪ የሚባለውን አረቄ በነጻ እንዳቀረቡላት ተናገረች። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። እኛም ካርዶቹን ሁሉ በአንዲት የአንገት ቦርሳ እንይዛለን።

መልስ 21 ሌላ የግሪክ ደሴት፣ ሳንቶሪኒን፣ ያመጣ ሰው ነው። ፎቶው ያማለላት አንዲት እህትም ደገፈችው። እዚህ ላይ እኔ ራሴ ነኝ የመለስኩት። ከተሞቿ ፊራና ኢያ ገደል አፋፍ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ሰው ባህሩን ከላይ ያየዋል እንጂ አይነካውም፣ ቤቶቹም ደረጃ በደረጃ ናቸው። እዚያ መሄድ ያለበት ሰው ጥቁር አሸዋ ያለባቸውን ካማሪን ወይ ፔሪሳን ይያዝ፣ ሜዳ ናቸው። ሌላ ሰው የናክሶስን ደሴት አነሳ፤ አጊያ አናና አጊዮስ ፕሮኮፒዮስ የሚባሉት ዳርቻዎቿ ለልጅ የሚመቹ ናቸው አለ፣ ትክክል ነው። ግን ከሙኒክ ቀጥታ መብረር ስለማይቻል መርከብ መጨመር ሊኖርብን ነው።

መልስ 23 ስለ አከራይና ተከራይ የጻፈው፣ ቀጥ ያለ ሰው ነው። ከባህር 300 ሜትር የሚል ማስታወቂያ አትመኑ፤ 300 ሜትር ሽቅብ ሊሆን ይችላል። ቦታውን ካርታው ላይ የመንገድ ፎቶ ከፍታችሁ እዩ። ምድር ቤት ነው ቢሏችሁም ከመንገድ እስከ በሩ ስንት ደረጃ እንዳለ በጽሑፍ ጠይቁ። ምክሩን ወዲያው ሞከርኩት። ካሊቬስ ውስጥ ልይዘው የነበረ ቤት ምድር ቤት ይላል። የመንገድ ፎቶው ላይ ግን በቡገንቪላው ማሰሮ ጀርባ ወደ ታች የሚወርድ የሲሚንቶ ደረጃ ይታያል፣ መደገፊያ ብረት እንኳ የለውም። ተውኩት።

እሱው ሰው ግሪክ ከእንግዳ ማደሪያ ላይ ስለምትሰበስበው ግብርም ጻፈ። ከ2025 ጀምሮ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በፈረንጅ፣ ባለ 3 ኮከብ ሆቴል በሌሊት 5፣ ባለ 4 ኮከብ 10፣ ባለ 5 ኮከብ 15 ዩሮ፣ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ አፓርትመንት 8 ዩሮ ይከፈላል። ብዙ ጊዜ ቦታ ሲያዝ ከሚታየው ዋጋ ውጭ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ይጠየቃል። መልስ 24 በአንድ ሰው ነው ብላ ስትደነግጥ መልስ 25 አረጋጋት። በሰው ሳይሆን በክፍል ነው። ይህ ለኛ ለውጥ አለው፤ ባለ 4 ኮከብ ሆቴል ሁለት ክፍል ብንይዝ በሌሊት 20 ዩሮ፣ አንድ አፓርትመንት ብንይዝ 8 ነው። መልስ 26 በመጨረሻ የሽንት ቤት ወረቀት ቅርጫት ውስጥ እንጂ መቀመጫው ውስጥ እንደማይጣል አስታወሰን፣ ቧንቧው ጠባብ ነው። ለልጆች ከመሄድ በፊት መንገር ያስፈልጋል።

እንግዲህ እኛ የወሰንነው ይህን ነው። ወደ ሃንያ በርረን እንገባለን። አልሚሪዳ ላይ፣ ከውሃው መንገድ ብቻ የሚለየው፣ ማጀት ያለው አፓርትመንት ይዘናል፤ አከራይዋ በሩ ላይ አንድ ደረጃ ብቻ እንዳለ ፎቶ አንስታ ላከችልን። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነን። ሃንያን ለማታ፣ ኤላፎኒሲን ንፋስ በሌለበት ቀን እናያለን። ሌላው አይቅርብኝ አንልም። የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ግን ሄራክሊዮን እናድራለን፣ ለእማዬ ሲባል። ቅዱስ ቲቶ እዚያ ነው፣ የጥንቱ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ክኖሶስም 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ የምንመለሰውም ከዚያው ነው። ባለቤቴ ሻንጣ ሁለቴ ማሰር አልወደደም ነበር፤ እማዬ ልሳለም ካለች በኋላ ግን ክርክሩ አበቃ።

መልስ 28 ላይ የለንደኑ ሹፌር፣ መኪናውን ሃንያ ተቀብሎ ሄራክሊዮን መመለስ ተጨማሪ ሊያስከፍል ስለሚችል ከመፈረማችን በፊት እንድንጠይቅ ነገረን። ጠይቀናል፣ ያስከፍላል፤ ግን መኪናውን ሃንያ መልሶ ለአምስት ሰው አውቶቡስና ታክሲ ከመክፈል ብዙም አይበልጥም።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ሄራክሊዮን ውስጥ ለቅዱስ ቲቶ በእግር የሚቀርብ፣ የሚሠራ ሊፍት ያለው፣ ከመንገድ ጩኸት ራቅ ያለ ሆቴል የምታውቁ ጻፉልኝ። አቴንስ ያሉት አባት፣ ካነበቡት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከሰዓት በኋላ ይዘጋ እንደሆነም ቢነግሩኝ።